ዓሣ ቀኑን የሚቆጥረው በውኃው ሙቀት ነው

ነገሩ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴን ሳልደፍን፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለ አንድ ደጋማ ቀበሌ በጓሯቸው ኩሬ አስቆፍረው ዓሣ ማርባት የጀመሩ አባት ደወሉልኝ። «ዶክተር፣ ዓሣዎቼ ጥጥ አበቀሉ» አሉኝ። ይህ አነጋገራቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ የዚያን በሽታ መልክ ከእሳቸው አሳጥሮና አስተካክሎ የገለጸ መጽሐፍ እስካሁን አልገጠመኝም።

ወሩ ኅዳር ነበር። በማግስቱ ማለዳ ስደርስ በኩሬው ዙሪያ ያለው ሣር ውርጭ ለብሷል። ከሁለት ሳምንት በፊት ከስምጥ ሸለቆ ኦክስጅን በተሞላ ፕላስቲክ ከረጢት ተጭነው የመጡት የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩቶች ዳር ዳሩን ይዘው ፈዘው ቆመዋል፤ እጅ ሲቀርባቸው እንኳ አይሸሹም። አንዱን በመረብ አወጣሁትና በእርጥብ መዳፌ ላይ አስተኛሁት። ጤነኛ ቆሮሶ እንደዚህ በእጅ አይረጋም፤ ያሙለጨልጫል። ይኸኛው ግን ሻካራ ነበር፤ ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ በጣቴ ይዳሰሳሉ። ከጀርባው ክንፍ ሥርና ከጅራቱ አጠገብ፣ በእርግጥም የተባዘተ ጥጥ የሚመስል ግራጫ ያዘለ ነጭ ነገር በቅሎበታል። ውኃ ውስጥ መልሼ ስነክረው ክሮቹ ተበትነው ይንሳፈፋሉ፤ ሳወጣው ከገላው ጋር ተጣብቀው ይተኛሉ።

እኔ በደንብ የማውቀው የከብትና የበግ ሕክምና ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ከመኖው ጋር ቀላቅለው ለአሥር ቀን ይስጧቸው» ብዬ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አዘዝኩላቸው። በአራተኛው ቀን ደወሉ። «ዶክተር፣ የሰጠሁት ሁሉ ከኩሬው ሥር ተኝቷል፤ አንዱም አፉን አልከፈተ» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። መድኃኒቱን የያዘው መኖ ውኃ ጠጥቶ አብጦ፣ ከጭቃው ላይ እንደ ረጠበ ቆሎ ተበትኗል። ወሩ ሳያልቅ ከስምንት መቶ ጫጩቶች የተረፉት መቶ አይሞሉም ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። ጥጡ ሳፕሮሌግኒያ የሚባል ውኃ ወለድ ሻጋታ መሰል ተሕዋሲ ነው፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከቶ አይነካውም። ቢነካው ኖሮ እንኳ የታመመ ዓሣ መጀመሪያ የሚተወው መብላትን ስለሆነ፣ በመኖ የሚሰጥ መድኃኒት የሚደርሰው ገና ላልታመሙት ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ያላደረግሁት ነገር ነው፤ በዚያ ኩሬ ቴርሞሜትር አልነከርኩም። ሙቀቱ ወደ 24 ዲግሪ ከሚጠጋ ውኃ ተቀድተው፣ ሌሊቱን ወደ 15 ዲግሪ በሚወርድ ኩሬ ውስጥ በአንድ ቀን የተጨመሩ ዓሦች ምን እንደ ደረሰባቸው አልጠየቅሁም። ቆሮሶ ከ16 እና 17 ዲግሪ በታች መብላት እንደሚያቆምና ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ እንደሚሞት የማንኛውም የዓሣ እርባታ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይናገራል። ያልተነገረኝ፣ ወይም ተነግሮኝ ያልገባኝ፣ ዓሣው ከመሞቱ አስቀድሞ በሽታ የመከላከል አቅሙ እንደሚሞት ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት የአምባዛ ዘመድ የሆነውን ቻናል ካትፊሽ የሚያረቡ ገበሬዎች በየዓመቱ በቅዝቃዜው ወራት ዓሣቸው ጥጥ እያበቀለ ይሞትባቸው ነበር። እዚያው የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን በገንዳ ውስጥ ደግመው ፈተሹት። የውኃው ሙቀት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ22 ወደ 10 ዲግሪ እንዲወርድ አደረጉ። የዓሣው ነጭ የደም ሕዋሳት፣ በተለይም አዲስ ጠላትን ለይተው ሌሎቹን የሚያዙት ቲ ሕዋሳት፣ ሥራቸውን አቆሙ፤ በቆዳው ላይ ዝልግልጉን ፈሳሽ የሚያመነጩት ሕዋሳትም ተመናመኑ። በዚህ ላይ የሳፕሮሌግኒያ ዘር በውኃው ውስጥ ሲኖር በሽታው ይነሣል። ይህን ሳነብ በመዳፌ ላይ የተኛው ሻካራ ቆሮሶ ወዲያው ታወሰኝ። የጠፋበት ልብሱ ነበር።

ያነበብኩት ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ውስጥ ሆኜ ነው። ለዓሣ ጤና ትምህርት ሄጄ፣ በእረፍት ወራት ደግሞ ከክትባት ቡድኖች ጋር እሠራ ነበር። ስለዚህ ሥራ ትንሽ ላቆያችሁ፤ የዓሣ ክትባት ሲባል ብዙ ሰው ውኃው ውስጥ የሚጨመር ነገር ይመስለዋልና።

የአትላንቲክ ሳልሞን ጫጩት በባሕር ዳር በተሠራ አዳራሽ፣ በጨው አልባ ውኃ ገንዳ ውስጥ ያድጋል። ክብደቱ ከ30 እና ከ40 ግራም ሲያልፍ የክትባት ቀኑ ይደርሳል። ሆዱ ባዶ እንዲሆን ለሁለት ቀን ያህል ይጾማል፤ ከዚያ በኋላ ማደንዘዣ ባለበት ውኃ ውስጥ ይገባና ሆዱን ወደ ላይ አዙሮ ይንሳፈፋል። እኛ ከብረት ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን አንድ በአንድ በግራ እጃችን እናነሣለን፤ መርፌው የሚገባበት ቦታ ከሆዱ መካከለኛ መስመር ላይ፣ ከታችኞቹ ጥንድ ክንፎች አንድ የክንፍ ርዝመት ወደ ፊት ነው። የሚወጋው ወተት የመሰለ፣ በዘይት የተበጠበጠ ክትባት ነው፤ መጠኑ 0.05 ወይም 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሁለት ጠብታ አይበልጥም። የለመደ ሰው በሰዓት ከአንድ ሺህ በላይ ዓሣ ይከትባል። ዛሬ ብዙው በማሽን ነው የሚሠራው፤ በእጅ ሲሠራ ግን አውራ ጣት ማታ ማታ አይታጠፍም፤ መርፌው የሰው ጣት ከወጋ ደግሞ ዘይቱ ከባድ ጉዳት ስለሚያስከትል ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግዴታ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያስገረመኝ ግን መርፌው አልነበረም። ከእያንዳንዱ ገንዳ ፊት ለፊት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳው ላይ የክትባቱ ቀን፣ ከእሱ በታች ደግሞ በየማለዳው እየተሰረዘ የሚጨምር ቁጥር ተጽፏል። 88፣ 97፣ 106። ምን እንደሆነ ስጠይቅ «ዲግሪ ቀን» አሉኝ። የዕለቱን የውኃ ሙቀት በየቀኑ ካለፈው ላይ ይደምሩታል። ውኃው 9 ዲግሪ ከሆነ በቁጥሩ ላይ 9 ይጨመራል፤ 5 ከሆነ 5። ድምሩ 500 አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ዓሣው ወደ ባሕር አይወጣም፤ ክትባቱ ሥራውን ጨርሶ መከላከያ የሚሆነው ያን ጊዜ ነውና። በ10 ዲግሪ ውኃ ይህ 50 ቀን ይፈጃል፤ በ5 ዲግሪ ውኃ 100 ቀን። እኛ ሰዎች ገላችን ክረምት ከበጋ 37 ዲግሪ ላይ ስለሚቆይ «ከተከተብክ ከሁለት ሳምንት በኋላ» ብንባል ሁላችንም አንድ ነገር እንረዳለን። ለዓሣ ግን «ሁለት ሳምንት» ብቻውን ትርጉም የለውም። የእሱ ቀን የሚቆጠረው በውኃው ሙቀት ነው።

ይህ የ500 ቁጥር ለሳልሞንና ለክትባቱ የወጣ ስለሆነ እንዳለ ተወስዶ ለቆሮሶ የሚሠራ አይደለም። በውስጡ ያለው ሐሳብ ግን ለሁሉም ዓሣ ይሠራል፤ እኔም ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ሐሳብ ነው።

የዓሣ ገላ በሽታን የሚከላከልበት መንገድ ከእኛ ጋር ብዙ ይመሳሰላል፤ የሚለይባቸው ቦታዎች ግን ለአርቢው ወሳኞች ናቸው። የመጀመሪያው ምሽግ ያ የሚያሙለጨልጨው ፈሳሽ ነው። ዓሣ ቆዳው እንደ እኛ በሞተ ደረቅ ሽፋን አልተሸፈነም፤ ሕያው ሕዋስ በቀጥታ ውኃውን ይነካል፣ ውኃው ደግሞ በተሕዋስያን የተሞላ ነው። ስለዚህ ገላውን ያለማቋረጥ በሚታደስ ዝልግልግ ፈሳሽ ይለብሰዋል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርሰው ላይሶዛይም፣ ተሕዋስያንን የሚበሱ አጫጭር ፕሮቲኖች፣ እንዲሁም ፀረ እንግዳ አካላት አሉ። በደረቅ እጅ ወይም በሻካራ መረብ የተያዘ ዓሣ ጥቂት ቅርፊት ብቻ ያጣ ሊመስለን ይችላል፤ የሆነው ግን በሩ ተሰብሮ እንደተተወ ቤት ነው። ዓሣ ያዥ ሁሉ እጁን አስቀድሞ በውኃ ያርስ የምለው ለዚህ ነው።

ከውስጥ ስንገባ፣ ዓሣ የደም ሕዋስ የሚያመርት መቅኔ የለውም። ይህን ሥራ የሚሠራለት ከጭንቅላቱ ኋላ ከአከርካሪው ሥር የተለጠፈው የፊተኛው የኩላሊት ክፍል ነው። ታይመስ የሚባለው ዕጢና ጣፊያ አሉት፤ በእኛ አንገትና ብብት ውስጥ ያሉት ንፍፊቶች ግን የሉትም። ለምርመራ የሞተ ዓሣ ስንከፍት በመጀመሪያ ናሙና የምንወስደው ከዚያ ጥቁር ቀይ ኩላሊት የሆነውም ስለዚህ ነው፤ ባክቴሪያ በደም ከተሰራጨ እዚያ ይገኛል።

ፀረ እንግዳ አካሎቹ፣ ማለትም አንቲቦዲዎቹ፣ ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ለረጅም ጊዜ ዓሣ አይጂኤም ከሚባለው በቀር ብዙም የለውም ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ትራውት በሚባለው የሳልሞን ዘመድና ለምርምር በሚያገለግለው ትንሽ ዓሣ በዜብራፊሽ ውስጥ በአጥቢዎች ዘንድ የሌለ ሌላ ዓይነት ተገኘ፤ በትራውት አይጂቲ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጥናት እንዳሳየው አይጂኤም በደም ውስጥ ሲዋጋ፣ አይጂቲ በተለይ አንጀትን ይጠብቃል፤ በኋላም በቆዳና በመተንፈሻ አካል ላይ ተመሳሳይ ሥራ እንዳለው ታየ። ይህ ለክትባት ትልቅ ትርጉም አለው። በሆድ የሚወጋ ክትባት ደሙን በደንብ ያስታጥቃል፤ በሽታው የሚገባው ግን በቆዳ፣ በመተንፈሻ አካልና በአንጀት ነው። በመኖ ወይም በመንከር የሚሰጥ ክትባት በሮቹን ራሳቸውን የማስታጠቅ ተስፋ ይሰጣል፤ ችግሩ በመኖ የሚሰጠው በጨጓራ አሲድ መበላሸቱና የሚሰጠው ጥበቃ ቶሎ መድከሙ ነው። ለትንንሽ አርቢዎች፣ በተለይ ስምንት መቶ ጫጩት ይዞ መርፌ ወጊ ቡድን ለማይጠራ የእኛ ገበሬ፣ የወደፊቱ መንገድ በመኖ የሚሰጠው ይመስለኛል። ለዚህ ነው ይህን የምርምር ዘርፍ በጉጉት የምከታተለው።

አንድ ዓሣ ደግሞ ሁላችንንም የተማርነውን እንድንጠራጠር አድርጎናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአትላንቲክ ኮድ የሚባለው የባሕር ዓሣ የዘር ካርታ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ የመከላከያ ሠራዊቱ መሠረት ናቸው ይባሉ ከነበሩት ዘረ መሎች አንድ ሙሉ ክንፍ፣ ማለትም ኤምኤችሲ ሁለት የሚባለውና ከእሱ ጋር የሚሠራው ሲዲ4፣ ጠፍቶ ተገኘ። ዓሣው ግን በሰሜን ባሕሮች በሚሊዮን እየተራባ በጤና ይኖራል፤ የጠፋውን በሌሎች ዘረ መሎች ብዛት ያካካሰ ይመስላል። «የዓሣ በሽታ መከላከል አቅም» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ከ30 ሺህ በላይ ዝርያዎችን የሚያጠቃልል መሆኑን እንዳልረሳ የሚያደርገኝ ይህ ኮድ ነው። ለሳልሞን የሠራ ሁሉ ለቆሮሶ፣ ለቆሮሶ የሠራ ሁሉ ለአምባዛ ይሠራል ማለት አይደለም።

ወደ ሙቀቱ ልመለስ። አብዛኛው ዓሣ ገላውን ከውስጥ ማሞቅ አይችልም፤ ቢታመም ግን ሞቃት ውኃ ፈልጎ ይዋኛል። ይህን ሐኪሞች በባሕሪ የሚመጣ ትኩሳት ይሉታል። በካርፕ ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከሁሉ ይበልጥ ይገርመኛል። ካርፕን የሚገድል አንድ የሄርፒስ ቫይረስ አለ፤ የውኃው ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ በሽታው አይነሣም። ሙቀታቸው የተለያየ ተያያዥ ክፍሎች ባሉት ገንዳ ውስጥ የተለቀቁት የታመሙ ካርፖች ወደ ሞቃቱ ክፍል ሄደው ዳኑ። ሆኖም ወዲያው አልሄዱም፤ የዘገዩት ቫይረሱ ራሱ ለአንጎል «ትኩሳት ያስፈልጋል» የሚለውን መልእክተኛ ፕሮቲን የሚይዝ ወጥመድ ስለሚሠራ ነው። ያ ወጥመድ ከቫይረሱ ላይ ሲወገድ ዓሦቹ ቶሎ ወደ ሙቀቱ ሄዱ። እንግዲህ ጥልቀቱ አንድ፣ ሙቀቱም አንድ በሆነ ኩሬ ወይም ገንዳ ውስጥ ዓሣ ስናስገባ ከእጁ የቀማነው መድኃኒት አለ ማለት ነው። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን ፀሐይ ወደመታው ዳርቻ ይሄድ ነበር፤ እኛ በሠራነው ቤት ግን የትም መሄድ አይችልም። ስለዚህ ስለ ውኃው ማሰብ የእኛ ዕዳ ሆኗል።

ዓሣን የመከተብ ሐሳብ ራሱ ብዙዎች ከሚገምቱት ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ካናዳ ውስጥ ዴቪድ ደፍ የተባለ ተመራማሪ ፉሩንኩሎሲስ የሚባለውን የእባጭ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ገድሎ ለትራውት በመኖ አበላና ዓሦቹ ከበሽታው እንደሚጠበቁ አሳየ። ከዚያ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ዘመን መጣና ሐሳቡ ተረሳ። ለገበያ የተፈቀደ የመጀመሪያው የዓሣ ክትባት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ የትራውትን አፍ ዙሪያ በሚያቀላ በሽታ ላይ የተሠራ ነበር።

ኖርዌይ የተማረችው በኪሳራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከስኮትላንድ ከመጡ የሳልሞን ጫጩቶች ጋር ፉሩንኩሎሲስ ገባ። በሰባት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከ500 በላይ የእርባታ ጣቢያዎችን አዳረሰ፤ ወደ ወንዞችም ወጥቶ የዱር ሳልሞንን ያዘ። በዚያን ጊዜ የቀዝቃዛ ውኃ ቪብሪዮሲስ ከሚባለው ሌላ የባክቴሪያ በሽታ ጋር ሲዳመር አርቢው የነበረው አማራጭ በመኖ መድኃኒት መስጠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 አገሪቱ ወደ 50 ሺህ ቶን ዓሣ ለማምረት ወደ 50 ቶን የሚጠጋ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተጠቀመች። በቀላሉ ስናሰላው በአንድ ኪሎ ዓሣ 1 ግራም ነው። እኔ በዚያ ደጋማ ኩሬ ያደረግሁትን እነሱ በአገር ደረጃ አድርገውት ነበር ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዘይት የተበጠበጠው ክትባት ሲመጣ ነገሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገለበጠ። ዛሬ ኖርዌይ በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልሞን ታመርታለች፤ የምትጠቀመው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ በቅርብ ዓመታት ከ1 ቶን በታች ነው፤ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይደርስም።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መርፌውን ብቻ ያመሰግናሉ፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከመርፌው ጋር አብረው የመጡ ነገሮች ነበሩ። በአንድ ጣቢያ የአንድ ዓመት ትውልድ ብቻ ማርባት ተጀመረ፤ አንድ ዙር ሲያልቅ ቦታው ባዶ ሆኖ ያርፋል፤ ጣቢያዎች ተራራቁ፤ የሞተ ዓሣ በየዕለቱ ይወጣል። ዘርንም መረጡ፤ አይፒኤን የሚባለውን ጫጩት ገዳይ ቫይረስ አንዳንድ የሳልሞን ቤተሰቦች ለምን እንደሚቋቋሙት ሲጠና፣ አብዛኛው ልዩነት በአንድ የዘር ክፍል ላይ እንዳለ በ2008 እና በ2009 ተገለጠ፤ ከዚያም ያን የተሸከሙ ወላጆች እየተመረጡ በሽታው በጣም ቀነሰ። ክትባቱም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ዘይቱ በሆድ ዕቃ ውስጥ አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። የተከተቡ ዓሦችን ስንከፍት የምናየው ያ ነጭ ጠባሳ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። የባሕር ቅማልንም በበቂ ሁኔታ የሚከላከል ክትባት የለም፤ አርቢዎቹ ቅማሉን በትንንሽ ቅማል በሊ ዓሦች፣ በሞቀ ውኃ መታጠቢያና በመድኃኒት ሲታገሉ ይኖራሉ፤ ለቅማል ብለው የሚሠሩት አያያዝ ራሱ ብዙ ዓሣ ይገድላል። ቺሊ ደግሞ በዓሣው ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ በሚኖር ባክቴሪያ ምክንያት፣ ክትባቱ በቂ ሆኖ ስላልተገኘ፣ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ቶን መድኃኒት ስትጠቀም ኖራለች። ስለዚህ ሳልሞን አንድ መልስ አግኝቶ ያረፈ ዓሣ አይደለም።

እስታኒስላስ ስኒየዝኮ የሚባሉ ትውልደ ፖላንድ አሜሪካዊ የዓሣ በሽታ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ሦስት ክቦችን ሥለው ነበር፤ አንዱ ዓሣው፣ አንዱ ተሕዋሲው፣ አንዱ ውኃው። በሽታ የሚነሣው ሦስቱ በሚደራረቡበት ቦታ ነው። ሥዕሉ ቀላል ስለሆነ ተማሪዎች ቶሎ ያልፉታል። እኔም በፈተና ላይ ሥዬው ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፤ በዚያ ኅዳር ማለዳ ግን ከሦስቱ አንዱን ክብ ብቻ ነበር ያየሁት፤ እሱንም ቢሆን በተሳሳተ ስም ነበር የጠራሁት።

ስለ ቆሮሶ ስናወራ ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም ጠላቱ። በሞቃት አገሮች የውኃው ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍና ኦክስጅን ሲቀንስ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ይነሣል፤ ዓሣው ዓይኑ ይፈጥጣል፣ አንጎሉ ስለሚነካ በአንድ ቦታ እየዞረ ይዋኛል። እንግዲህ የሙቀቱ ሰዓት በሁለቱም በኩል ገደብ አለው።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ቆሮሶ ሐይቅ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በእስራኤል፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የገሊላ ባሕር ተብሎ በሚታወቀው በኪነሬት ሐይቅ የሚያዘው ቆሮሶ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ፤ በእርባታ ኩሬዎችም ብዙ ዓሣ ሞተ። ምክንያቱ እስከዚያ ድረስ የማይታወቅ ቫይረስ መሆኑ በ2014 ተገለጸ። ከዚያ በኋላ በኢኳዶር፣ በኮሎምቢያ፣ በታይላንድና በግብፅ ተገኘ፤ በ2017 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2018 ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ በኩል፣ የታመሙ በማይመስሉ ዓሦች ውስጥ ዱካው ተገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጋና ውስጥ በቮልታ ሐይቅ የመረብ ጎጆዎች፣ ቀድሞ በእስያ ይታወቅ የነበረ ሌላ ቫይረስ ገብቶ አርቢዎች በየቀኑ ዓሣ በጀልባ እየጫኑ ይቀብሩ ነበር። በሽታዎቹ በዋነኛነት ከአህጉር ወደ አህጉር የሚሻገሩት ሕያው ዓሣ ሲጓጓዝ ነው፤ በ1985 ኖርዌይ በገባው በዚያው በር።

እዚህ ላይ ለአገሬ ሰዎች በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በፍጥነት የሚያድግ ዝርያ ከውጭ እናምጣ የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል፤ ሐሳቡን የሚያነሡት ሰዎች ቅን እንደሆኑ አልጠራጠርም። ነገር ግን ቆሮሶ በእኛ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በጫሞና በጣና ውስጥ ያለ፣ የአገሩ ተወላጅ ዓሣ ነው፤ ሺህ ዓመታት የኖረበትን ውኃ የሚያውቅ፣ ከእኛ ጥገኛ ትሎች ጋር እየተጋፋ የኖረ ዘር ነው። ከአንድ ከረጢት ጫጩት ጋር የሚመጣ ቫይረስ በኩሬ ውስጥ ቢቀር ኩሬውን ማድረቅ ይቻላል። ወደ ሐይቅ ከገባ ግን ሐይቅ አይከተብም፤ ሐይቅ ለይቶ ማቆያ ውስጥ አይገባም። የራሳችንን ቆሮሶ ከየሐይቁ መርጦ ማሻሻል ይዘገያል፤ እኔ ግን ይህን መዘግየት እመርጣለሁ። የግድ ከውጭ የሚመጣ ካለም ከማንኛውም የተፈጥሮ ውኃ በራቀ ማቆያ ተቀምጦ፣ ደጋግሞ ተመርምሮ፣ የሚለቀቀው ልጁ እንጂ እሱ ራሱ መሆን የለበትም።

በአገር ውስጥ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ለሚሄደው ጫጩትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ዛሬ ያ ኩሬ እንደገና ቢሰጠኝ መጀመሪያ ኅዳርን አልመርጥም ነበር። ቅዝቃዜው አልፎ ሌሊቱም ሞቅ ሲል፣ ከየካቲት መጨረሻ በኋላ አስመጣ ነበር። ከረጢቶቹን ሳልፈታ ከኩሬው ላይ አንሳፍፌ፣ ከዚያ የኩሬውን ውኃ በየጥቂት ደቂቃው ጨለፍ እያደረግሁ እየጨመርኩ ሙቀቱን አቀራርብ ነበር። በቅዝቃዜ ወራት መረብ አላስገባም፣ አልመዝንም፣ አልለይም። አዲስ የመጡትን ከነባሮቹ ጋር ሳልቀላቅል በትንሽ ኩሬ ሦስትና አራት ሳምንት አስቀምጣለሁ፤ የዚያን ኩሬ መረብና ባልዲ ለሌላው አልጠቀምም፤ በፀሐይ አደርቃለሁ። ጥጥ ያበቀለ ቢገኝ ብዙ አገሮች ለሚበላ ዓሣ የከለከሉትን አረንጓዴ ማቅለሚያ ማላካይት ግሪንን አልነካም፤ ቀድሞ ከተደረሰበት የገበታ ጨው መታጠቢያ ብዙ ይረዳል። ማለዳ ጎህ ሳይቀድ ኩሬውን እጎበኛለሁ፤ ኦክስጅን የሚያንሰው ያን ጊዜ ነው፤ ዓሦች አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ካዛጉ በሽታ ሳልፈልግ መጀመሪያ ውኃ አስገባለሁ።

እነዚህን ሁሉ ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። ከትምህርት ስመለስ መጀመሪያ ከጎበኘኋቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ይቅርታም ጠይቄያቸዋለሁ። «አንተ ምን አጠፋህ፣ ውኃው ነው» ብለው ዝም አሰኙኝ። በኩሬው መካከል ከቆመው እንጨት ላይ በሲባጎ የታሰረ ቴርሞሜትር ሰጥቻቸው ነበር፤ አሁን ማለዳና ከሰዓት በኋላ እያወጡ በልጅ ልጃቸው ደብተር ያስጽፋሉ። ባለፈው ሳምንት ደውለው አዲስ ጫጩት ለማስመጣት ገንዘብ እንዳዘጋጁ ነገሩኝ። «ዛሬ ማለዳ ስንት ነው ጋሼ?» አልኳቸው። ደብተሩ ሲገለጥ ይሰማኛል። «አሥራ ስድስት ተኩል። ትናንት አሥራ ስድስት ነበር፤ ከትናንት ወዲያም አሥራ ስድስት» አሉኝ። ከዚያ እኔ ሳልናገር፣ «ገና ነው፤ ማለዳው ሃያን ሲያልፍ እደውልልሃለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት።